በረዶም ወራት አለው

ከጥቂት ጊዜ በፊት በጀርመን አገር ትምህርቱን ከሚከታተል አንድ ወዳጃችን ደብዳቤ ደርሶን ነበር። ደብዳቤው አራት ገጽ ሲሆን ሦስቱ ገጽ ምሬት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ወዳጃችን ከመስከረም ጀምሮ ከወር ተቈራጩ እየቀነሰ፣ አንዳንድ ቀንም ምሳውን በዳቦና በሻይ እያለፈ፣ በፈረንጆች ገና ወደ አልፕስ ተራሮች ወጥቶ እንደ ትምህርት ቤት ጓደኞቹ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ገንዘብ ሲያጠራቅም ከረመ። ቀኑ ሲደርስም በባቡር ተሳፍሮ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ800 ሜትር በማትበልጥ በአንዲት የኦስትሪያ መንደር ወረደ። የመንደሯን ስም አንጠራም፤ ጥፋቱ የእርሷ አይደለምና።

በማግሥቱ ማለዳ የእንግዳ ማረፊያውን መስኮት ከፍቶ ቢመለከት ያየው አረንጓዴ ሣር ነበር። በሣሩ መካከል በመኪና የተሠራ በረዶ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ በዚያች ቀጭን ጥለት ላይ ደግሞ ሕዝበ አዳም ይተራመሳል። የማረፊያው፣ የመንሸራተቻው ዕቃና የአስተማሪው ሒሳብ አስቀድሞ ተከፍሏል፤ አይመለስም። ወዳጃችን ስድስት ቀን ሙሉ ሣር ሲመለከት ሰንብቶ ተመለሰ። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ፣ «አንተ እንኳ የጋዜጣ ሰው ነህና፣ ሌላው ወንድማችን እንደኔ እንዳይሆን እባክህ ጻፍበት» ይላል። እኛም ቃሉን ለመፈጸም ጥቂት መጻሕፍትና የአየር ሁኔታ መግለጫዎች አገላብጠን ያገኘነውን እነሆ እናቀርባለን።

ይህን የሚያነብ አንዳንድ ሰው፣ «የራስ ዳሸን አገር ሰው ስለ በረዶ ሸርተቴ ምን አገባው?» ይል ይሆናል። እኛ ግን ያገባዋል እንላለን። ዛሬ ስንትና ስንት ወጣቶቻችን በአውሮፓና በአሜሪካ ይማራሉ፣ ይሠራሉም። የመጀመሪያው ብርድ እንደ ገባ «ና፣ ተራራ እንውጣ» የሚል ጓደኛ አይታጣም። ከዚህም በላይ የአገራችን ስም በበረዶው ሜዳ ያልተጠራ አይደለም። በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም እ.አ.አ. በ2006 በኢጣሊያ በቶሪኖ በተደረገው የበረዶ ኦሊምፒክ፣ በስኪ አገር አቋራጭ ውድድር ተሰልፎ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በ2010ም በካናዳ በቫንኩቨር እንደገና ተወዳድሯል። ስለዚህ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ወራቱን ግን እንዲቀለን በራሳችን አጠራር እናስኬዳለን።)

አስቀድሞ መጽዳት ያለበት የቋንቋ ነገር ነው። እኛ ክረምት ስንል ትዝ የሚለን ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡና ጭቃው ነው። የፈረንጆቹ ክረምት ግን የሚገባው በእኛ በጋ፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው። በረዶ የሚለውም ቃላችን በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ የሚደበድበውን ጠጠርም፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ በዝግታ የሚወርደውን አመዳይም አንድ ላይ ይጠራል። ለሸርተቴ የሚፈለገው ሁለተኛው ነው፤ እርሱም ቢሆን ወርዶ ሳይቀልጥ ለወራት ተደራርቦ ሲቆይ ብቻ ይጠቅማል።

ለመሆኑ በስሜን ተራሮች አልፎ አልፎ በረዶ ከጣለ፣ በዚያ ለምን አይንሸራተቱም? ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ በአልፕስ ያሉት የሸርተቴ ሜዳዎች አብዛኞቹ ከ3,000 ሜትር በታች ናቸው። ምስጢሩ ከፍታው ብቻ ሳይሆን ከምድር ወገብ ያለው ርቀት ነው። በእኛ ተራሮች ላይ በሌሊትና በቀን መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በወራት መካከል ካለው ይበልጣል። ሌሊት የወረደውን በረዶ የቀኑ ፀሐይ ታቀልጠዋለች። በአልፕስ ግን ፀሐይ በክረምት ዝቅ ብላ ትዞራለች፤ ቀኑም ያጥራል፤ ስለዚህ ብርዱ ለወራት አይለቅም። በረዶው ሽፋን በሽፋን እየተደራረበ ይከማቻል። ወራት ያለው በረዶና ወራት የሌለው በረዶ የሚለዩት በዚህ ነው።

እንግዲህ ወራቱን አንድ በአንድ እንመልከት።

በኅዳር አጋማሽ መሬቱ ገና የበጋውን ሙቀት አልጨረሰም። በዚህ ጊዜ የሚከፈቱት በበረዶ ግግር ላይ ያሉት ከፍተኛ ሜዳዎች ናቸው። ለምሳሌ በስዊስ የዘርማት፣ በኦስትሪያም የሂንተርቱክስ ሜዳዎች በበጋም ጭምር በሸርተቴ የታወቁ ናቸው። በዚህ ወቅት ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ዝቅ ብሎ ያለ መንደር የሚመርጥ ሰው ዕጣ እንደሚጥል ይቈጠራል።

ከታኅሣሥ 13 እስከ 27 ድረስ ያሉት ሁለት ሳምንታት የፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ናቸው። ወዳጃችን የተሳሳተው በዚህ ላይ ነው። ሕዝቡ በጠቅላላ ዕረፍት ስለሚወጣ ዋጋው እጅግ ይወደዳል፤ በረዶው ደግሞ በዚያው ሰሞን ብዙ ጊዜ አያስተማምንም። በ2022 መጨረሻና በ2023 መጀመሪያ በአውሮፓ ያልተለመደ ሙቀት ወርዶ፣ በአልፕስ በርካታ ዝቅተኛ ሜዳዎች በበዓሉ ሳምንት ሣር ለብሰው ተዘግተዋል። በገና መውጣት ግድ የሆነበት ሰው ቢያንስ መንደሩ ከ1,500 ሜትር በላይ፣ የመንሸራተቻው ሜዳም ከ2,000 ሜትር የሚያልፍ መሆኑን ሳያረጋግጥ ገንዘቡን ባይከፍል ይሻለዋል።

የሚያስገርመው ነገር፣ የእነርሱ በዓል አልቆ ሕዝቡ ወደ ሥራው የሚመለሰው እኛ ገናችንን በምናከብርበት በታኅሣሥ 29 ግድም መሆኑ ነው። ከእኛ ገና እስከ ጥምቀት፣ ከዚያም አልፎ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ የተማሪና የትንሽ ደመወዝተኛ ወራት ነው። ሜዳው ባዶ ነው፤ የማረፊያው ዋጋ ይወርዳል፤ ብርዱ ጽኑ ስለሆነ በረዶው ደረቅና እንደ ዱቄት የላላ ይሆናል። ጉዳቱ ቀኑ አጭር መሆኑ ነው። የብርሃኑ ሰዓት ከዘጠኝ ብዙም ስለማይበልጥ በማለዳ ያልተነሣ ሰው ጥቂት ተንሸራትቶ ይመሽበታል።

የካቲት በበረዶ ብዛት ረገድ በዝቅተኛውም በከፍተኛውም ሜዳ ከሁሉ የሚታመን ወር ነው። ታዲያ ይህን የሚያውቀው እኛ ብቻ አይደለንም። የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች አገሪቱን በሦስት ክፍል ከፍለው በተራ በተራ ዕረፍት የሚሰጡት በዚህ ሰሞን ነው፤ የእንግሊዝ ልጆችም የወቅት አጋማሽ ዕረፍታቸው በዚሁ ላይ ይውላል። በየመንገዱ መኪና ይሰለፋል፤ ወደ ተራራው በሚያወጣው የገመድ ወንበር ሥር ሰው ይጋፋል። በየካቲት ለመሄድ የሚያስብ ሰው የእነዚህን አገሮች የዕረፍት ቀን ሠንጠረዥ አስቀድሞ ይመልከት፤ ማረፊያውንም ከወራት በፊት ይያዝ።

መጋቢት ከባተ በኋላ ነገሩ ሁለት መልክ ይይዛል። ዝቅ ባለው ሜዳ በረዶው መቅለጥ ይጀምራል። ከ2,000 ሜትር በላይ ግን የበረዶው ጥልቀት ብዙውን ጊዜ ከዓመቱ ከፍተኛ ወደ ሆነው መጠን የሚደርሰው በመጋቢትና በሚያዝያ መግቢያ ነው። ቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሞላል፤ ፀሐይዋም ትሞቃለች። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል ጊዜ ያለ አይመስለንም። ነገር ግን የመጋቢት በረዶ የራሱ ሰዓት አለው። ሌሊት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ከጧቱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት የላይኛው ገጽታ ለስለስ ብሎ ይመቻል፤ ከሰዓት በኋላ ግን እንደ ጭቃ እግር ይይዛል። ስለዚህ በማለዳ ወጥቶ በምሳ ሰዓት መግባት ብልኅነት ነው። ከበረዶው የሚመለሰው የፀሐይ ጨረርም ዐይንን ያሳውራል፤ ፊትንም ይለበልባል። «ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» የሚለው ወሬ ከንቱ መሆኑን ወዳጃችን በኋላ በገዛ አፍንጫው አረጋግጧል።

ከወሩ ሌላ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው ከፍታ ነው። መቶ ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይበርዳል፤ ስለዚህ መንደሩ ላይ ዝናብ ሲሆን አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ብሎ በረዶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ተዳፋቱ የሚያይበት አቅጣጫ ነው። ወደ ሰሜን የዞረው ጥላ ስለሚበዛበት በረዶውን ያቆያል፤ ወደ ደቡብ የዞረው ቶሎ ይገለጣል። ሦስተኛው በመኪና የሚሠራው በረዶ ነው። ውሃና አየር በግፊት ተረጭተው በረዶ የሚሆኑት አየሩ ራሱ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ያህል ሲበርድና ደረቅ ሲሆን ነው። እንግዲህ መኪናው ብርዱን ያግዘዋል እንጂ አይተካውም። «መኪና አለን» የሚል ማስታወቂያ ብቻውን ዋስ አይሆንም።

ይህን ሁሉ ያሟላ ሰውም ዕድል ሊያጣ ይችላል። በ1964 በኦስትሪያ በኢንስብሩክ የበረዶ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ፣ ወሩ ጥር፣ ቦታውም የአልፕስ እምብርት ሆኖ ሳለ በረዶ ጠፋ። የኦስትሪያ ጦር ሠራዊት ወታደሮች 40,000 ሜትር ኩብ በረዶ ከላይ እያጋዙ ወደ ሜዳው አወረዱ፤ ለተንሸራታች ጋሪዎች መንገድም 20,000 የበረዶ ጡብ ቈርጠው አመጡ። በ2010 በቫንኩቨርም ለአንዱ ተራራ በረዶ በካሚዮንና በሄሊኮፕተር ተጓጉዟል። መንግሥት ሠራዊት አለው፤ ተማሪ ግን የለውም። ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት በየቀኑ የሚወጣውን የበረዶ መግለጫ ያንብብ። መግለጫው የበረዶውን ጥልቀት በተራራው ጫፍና በመንደሩ ለያይቶ ይሰጣል። ጫፉ ላይ ሁለት ሜትር ተብሎ መንደሩ ላይ ዜሮ ከሆነ ትርጉሙ ምን እንደሆነ ለማንም ግልጥ ነው።

ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም ነፍስ ነው። በአልፕስ ብዙ በረዶ በጣለ ማግሥት ሰማዩ ሲጠራ የተራራው መልክ ልብ ይማርካል። ከሁሉ ይልቅ አደገኛው ጊዜም ያ ነው። አዲሱ በረዶ ከአሮጌው ጋር ሳይያያዝ ስለሚቆይ፣ በተለይም ነፋስ አዛውሮ ከከመረው፣ በአንድ ሰው ክብደት ተንዶ ሊወርድ ይችላል። በናዳ ከሚያዙት ሸርተቴኞች ከመቶ ዘጠና የሚያህሉትን የሚይዛቸው ናዳ ራሳቸው ወይም ባልንጀራቸው የቀሰቀሰው ነው። የተቀበረ ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ተስፋው በፍጥነት ይመነምናል። በየካቲት 1999 በኦስትሪያ በጋልቱር መንደር፣ ለሳምንታት ተደራርቦ የከረመው በረዶ ተንዶ መንደሩ ውስጥ ድረስ ገብቶ 31 ሰው ፈጅቷል። በማግሥቱም በአቅራቢያው በቫልትሱር 7 ሰው ሞቷል። ከሞቱት መካከል ለዕረፍት የመጡ እንግዶች ብዙ ነበሩ።

ለዚህ አደጋ የአውሮፓ አገሮች ከ1993 ጀምሮ አንድ ዓይነት መለኪያ ተስማምተው ይሠሩበታል። መለኪያው ከ1 እስከ 5 ነው፤ 1 ትንሹ፣ 5 ትልቁ አደጋ ነው። በስዊስ በዳቮስ የሚገኘው የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም መግለጫውን በክረምት በየቀኑ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያወጣል። ለጀማሪ የሚበጀው ሕግ አጭር ነው። ከተከለለው መንገድ አይውጣ።

አሁን ደግሞ ነገሩን ከበድ አድርገን እንመልከተው። የወዳጃችን ሣር የአንድ ዓመት ዕድለ ቢስነት ብቻ አይደለም። በስዊስ ተራሮች በተለያየ ከፍታ ካሉ ጣቢያዎች የተሰበሰበው መዝገብ እንደሚያሳየው፣ ከ1970 እስከ 2015 ባለው ጊዜ የበረዶው ወራት መጀመሪያ 12 ቀን ያህል ወደ ኋላ ዘግይቷል፤ መጨረሻው ደግሞ 25 ቀን ያህል ወደ ፊት ቀድሟል። አንድ ወር የሚያልፍ ጊዜ ተቀንሷል ማለት ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2007 ባወጣው ጥናት በአልፕስ ካሉት 666 የሸርተቴ ቦታዎች 609ኙ በተፈጥሮ በረዶ የሚታመኑ ነበሩ። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ቢጨምር 500፣ በሁለት ዲግሪ 404፣ በአራት ዲግሪ ደግሞ 202 ብቻ እንደሚቀሩ ጥናቱ ገምቷል። በ2022 በጋ በዘርማት የበረዶ ግግር ላይ ሳይቀር ከሙቀቱ የተነሣ ሸርተቴው ለጊዜው ቆሞ ነበር።

ለእኛ የሸርተቴ ጉዳይ የዕረፍት ጉዳይ ነው። ለእነዚያ መንደሮች ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። አያቶቻቸው ላም አርብተው አይብ ይሠሩ ነበር፤ የልጅ ልጆቹ ግን በበረዶው ይኖራሉ። በረዶው በቀረ ቁጥር አስተማሪው፣ የገመዱ ሠራተኛ፣ አስተናጋጁ ሁሉ ሥራ ይፈታል። ዝናብ በዘገየ ጊዜ የገበሬያችን ፊት ምን እንደሚመስል የምናውቅ እኛ፣ ሰማይ ሰማይ የሚያየውን የአልፕስ ባለ ማረፊያ ችግር ለመረዳት ብዙ ትርጓሜ አያስፈልገንም።

አንባቢያችን፣ «የእኔ የዓመት ዕረፍት በሐምሌ ነው፤ ታዲያ ምን ላድርግ?» ይል ይሆናል። ለእርሱም መልስ አለ። ከምድር ወገብ በታች ወራቱ ይገለበጣል። በቺሌና በአርጀንቲና በአንዲስ ተራሮች፣ እንዲሁም በኒውዚላንድ የሸርተቴው ወራት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። እስከዚያ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። በአህጉራችን በሌሶቶ፣ በማሉቲ ተራሮች ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ አፍሪስኪ የሚባል ቦታ አለ፤ ወራቱም የእኛው ክረምት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። ሜዳው ትንሽ፣ በረዶውም በከፊል በመኪና የሚሠራ ነው፤ ለጀማሪ ግን ይበቃል። በሞሮኮ ደግሞ ከማራኬሽ ከተማ በላይ በአትላስ ተራራ ላይ ኡካይመደን አለ። እርሱ የሰሜኑን ወራት ይከተላል፤ በረዶ ከጣለ በጥርና በየካቲት ይንሸራተቱበታል።

በመጨረሻ ስለ ዕቅድ አንድ ነገር እንጨምር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አልፕስ የሚሄድ ሰው የበረዶውን ወራት ብቻ ሳይሆን የወረቀቱንም ወራት ማወቅ አለበት። የሼንገን አገሮች ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ሊቀርብ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በ2024 ባወጣው ውሳኔ ደግሞ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚታይበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ስለዚህ በጥር ለመንሸራተት የሚያስብ ሰው ማመልከቻውን ከጥቅምት ባያሳልፍ መልካም ነው። እግሩንም ከዚያው ጊዜ ጀምሮ በደረጃና በዳገት ያሠልጥን። በመጀመሪያው ቀን የሚያስለቅሰው ብርዱ ሳይሆን ጭኑ ነውና። የሕክምናና የተራራ ላይ ርዳታ የሚከፍል ዋስትና መግባትንም አይርሳ።

ወዳጃችን ሁለተኛ ደብዳቤ ከጻፈልን ሰነበተ። በመጋቢት መጀመሪያ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍቱ ጋብ ሲል፣ በቀረችው ገንዘብ ለአራት ቀን ብቻ ወደ ሌላ መንደር፣ 1,900 ሜትር ከፍታ ወዳለው፣ ወጥቶ ነበር። ዕቃውን ተከራየ፤ ከአምስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተሰልፎ አቋቋም ተማረ። «ልጆቹ ሲወድቁ ይስቃሉ፤ እኔ ስወድቅ ደግሞ እነርሱ ይስቃሉ» ይላል። በሦስተኛው ሌሊት ብዙ በረዶ ወረደ። ጧት ሰማዩ ጠራ፤ ከእርሱ ጋር የነበሩት ሁለት ተማሪዎች ከተከለለው ወጥተው ያልተረገጠውን ሜዳ እንውረደው አሉት። እርሱ የማታውን መግለጫ አንብቦ ነበር፤ ቁጥሩ 4 ይላል። አልሄድም አለ። ፈሪ ተባለ። የተባለውንም ታግሦ ከሕፃናቱ መካከል ቆመ። ሁለቱም ጥቂት ካንገራገሩ በኋላ ሳይወጡ ቀሩ።

በዚያ ቀን ናዳ አልወረደም፤ ማንም አልሞተም። «ስለዚህ ትክክል እንደ ነበርሁ ማንም አላመሰገነኝም» ሲል ጽፎልናል። እኛ ግን እናመሰግነዋለን። በገና የቸኰለው ያው ሰው በመጋቢት መታገሥን ተምሯልና። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ከበረዶ ላይ የፈሰሰ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም። ለመሄድ ቀን እንዳለው ሁሉ ለመቆምም ቀን አለው፤ ሁለቱንም ለይቶ ያወቀ ተማሪ ገንዘቡም ነፍሱም ይተርፍለታል።